ሁለት ኮከብ ሦስት

ዶሃ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለኢክላስ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺም፣ በአክስታችን በእቴቴ ኡሙሰልማም፣ ቤት ባለው ሁሉ ላይ ይሁን። የደባርቅ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ሙቀቱ ከማሰልቸቱ በቀር አልሐምዱ ሊላህ፣ ምን ጎድሎብኝ።

ዳታ ከተዘጋ ወዲህ በስልክ ስንጯጯህ ከረምን። አንድ ቃል ሲደርስ ሁለቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ባለ ስልክ አይያዝም። ስለዚህ እንደ አባቶቻችን በወረቀት ልጻፍልሽ። ደብዳቤውንና ካርቶኑን የምታደርስልሽ በለጠች ትባላለች፤ የዳባት ልጅ ናት፣ እዚህ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አገሯ መግባቷ ነው። አደራ፣ ምሳ ሳትበላ እንዳትለቂያት።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ማትሪክስ ይባላል። ከብዙ ካሜራ ሥዕል ተቀብሎ የትኛው ወደ የትኛው ስክሪን እንደሚሄድ የሚያከፋፍል ሣጥን ነው፤ አራት መግቢያና አራት መውጫ አለው። የምሠራበት ሆቴል የአዳራሹን ዕቃ ሲቀይር ሊጥሉት ሲሉ አስፈቅጄ ወሰድኩት። አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም፤ ከፊት ያሉት ቁልፎች ሞተዋል። ብትጫኚው፣ ብትደበድቢው፣ ብትለማመጪው አይሰማም። ሆዱ ግን ጤነኛ ነው። ከጀርባው ባለ ዘጠኝ እግር ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ በኩል ከላፕቶፕ በጽሑፍ ሲያዙት ይሰማል።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመግቢያውን ቁጥር ትጽፊያለሽ፤ ቀጥሎ ኮከብ፤ ቀጥሎ የመውጫውን ቁጥር፤ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ። 2*3! ካልሽው ሁለተኛው ካሜራ ወደ ሦስተኛው ስክሪን ይሄዳል። ቃለ አጋኖው እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ላፕቶፑ የሚልክበትን ፍጥነት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ላይ አድርጊው። በቀዳዳዎቹ ላይ የነበረው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል፤ ቢሆንም በተራ ናቸውና በተራቸው ሰኪ።

ለእቴቴ አዲስ የሠርግ አዳራሽ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዘከሪያ


ደባርቅ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘከሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህ ወረቀት ሳትታመም፣ ሳይከፋህ፣ ሥራህም ሳይጓደል ያግኝህ። በለጠች ምሳዋን በልታለች፤ እራቷንም ጨምራ ነው የሄደችው።

አሁን ልቆጣህ ነው። ስለ ሣጥኑ ሙሉ ገጽ ጽፈህ ስለ አባባ ጠይብ አንዲት መስመር የለህም! ሰውየው አንተን ያሳደጉ የሁለታችን አጎት እኮ ናቸው። እንግዲያስ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሊማሊሞ ላይ አይሱዙው ከተገለበጠባቸው ወዲህ እግራቸው አልቆመም። ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር በሚዋሰነው ክፍል ተኝተው ነው የሚውሉት። የልጃቸው የዘምዘም ሠርግ ደግሞ የካቲት 3፣ እሑድ ሆኗል።

እንደምታውቀው ሴቶቹ ላይ ቤት፣ ወንዶቹ ታች ናቸው። አባባ ላይ አይወጡም፤ ታችም «በቃሬዛ ተይዤ ሰው መሃል አልገባም» ብለው ምለዋል። የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ዘምዘምን ሙሽራ ሆና አንዴ ልያት፤ ከዚያ ወዲያ ጌታዬን ሌላ አልጠይቅም።» ሣጥንህን እንደ ሲሳይ የተቀበልኩት ለዚህ ነው። ከሙሽሪት ወንበር ፊት ካሜራ ተክዬ ሥዕሉን ወደ አልጋቸው እወስዳለሁ።

እቴቴ ግን አዳራሹም የእሳቸው ነው፣ ቃሉም የእሳቸው ነው። ምን አሉ መሰለህ? «የሴቶቹ ሥዕል ወንዶቹ ዘንድ አንዲት ጊዜ ብልጭ ቢል የዚህ አገር ሴት እዚህ ቤት ደግማ አትረግጥም። እኔም ገብስ አከማችበታለሁ።» እውነታቸውን ነው፤ ዘምዘም ራሷም በዚያ ላይ ቀልድ አታውቅም።

ታዲያ ሣጥንህ አይናገርም! ገመዱን ጎንደር አስገዛሁ፣ ላፕቶፑን አገናኘሁ፣ ያልከውን ጻፍኩ። ጸጥ። እንደገና ጻፍኩ። ጸጥ። ደግሞ ያንተን ዓይነት ሆነ፤ የሚጠየቀውን አይመልስም።

ኢክላስ


ዶሃ፤ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተቆጪዋ ለኢክላስ፣

ሰላሙና በረከቱ ይብዛላችሁ። ቁጣሽ ደረሰኝ፤ ፖስታው ራሱ ይሞቅ ነበር።

ሣጥኑ አልሞተም። የገዛሽው ገመድ ነው ነገሩን ያበላሸው። በገመዱ ጫፍ ካሉት እግሮች ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ አንዱ አፍ አንዱ ጆሮ ናቸው። ያንቺ ገመድ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ ገጥሟል። አንዱን ጫፍ ፈትቶ ሁለቱን ሽቦዎች የሚያቀያይር ሰው ፈልጊ። ዳባት መናኸሪያው አጠገብ ላቀው የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ካለ እሱ ጋ ውሰጂው። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ምላሱ ግን አያርፍም፣ ቻይው።

ሲመልስልሽ የላክሽውን ቁጥር በእንግሊዝኛ ይደግምልሻል። ያኔ ሰምቷል ማለት ነው።

ለአባባ ሰላምታዬን አድርሺ።

ዘከሪያ


ደባርቅ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘከሪያ፣

ሰላምታዬ ከእግርህ እስከ ራስህ ይድረስህ። ዛሬ ደስ ብሎኛልና ስድብ የለም።

በሚኒባስ ዳባት ወርጄ ላቀውን አገኘሁት። አርጅቷል፤ ምላሱ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ገመዱን አየና «እነዚህማ ሁለቱም ያወራሉ፣ የሚሰማ የለም። ሽማግሌ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለኝ። እየሳቀ ፈታው፣ እየሳቀ በየደው። «አንቺ ልጅ፣ በጽሑፍ የሚታዘዝ ዕቃ መኖሩን ሚስቴ ብትሰማ ባሌንም እንዲህ አድርጉልኝ ትላለች» ይለኛል ደግሞ።

ደባርቅ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። 1*1! ጻፍኩ። ጋሼ፣ መለሰልኝ! መውጫ አንድ፣ መግቢያ አንድ፣ ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጻፈልኝ። ጮህኩ። እቴቴ እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ ይዘው መጡ። «ምን ሆንሽ?» «መለሰልኝ!» «ማን?» «ሣጥኑ!» ባልዲውን እኔ ላይ ሊደፉት ምንም አልቀራቸውም።

ስክሪኖቹ ገና አልተሰቀሉም እንጂ ገመዱን ሁሉ ሰክቻለሁ። መግቢያ አንድ የወንዶቹ ካሜራ፣ ሁለት የሙሽሪት ካሜራ፣ ሦስት መንዙማው የሚመጣበት ላፕቶፕ፣ አራት የበሩ ካሜራ። መውጫ አንድ የወንዶቹ ስክሪን፣ ሁለት የሴቶቹ፣ ሦስት የአባባ፣ አራት የእኔው፣ ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል። ለአባባ «ሁለት ኮከብ ሦስት ነዎት» አልኳቸው። ቁጥሩን እንደ ዚክር ይደጋግሙታል፤ ዘምዘም ስትገባ «ሁለት ኮከብ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ሰላምታህን አድርሻለሁ። «እሱስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ኢክላስ


ደባርቅ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘከሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ሆዴ ስለተቃጠለ ነው። መልስህንም አልጠበቅሁም።

ሣጥንህ አዋረደኝ! ትናንት ስክሪኖቹ ተሰቀሉ። እቴቴ ላይ ቤት ካሜራው ከሙሽሪት ወንበር ሌላ ምንም እንዳያይ አስተካክለው «እስቲ ወንበሩን ልሞክረው» ብለው ተቀመጡበት። ተቀምጠው መቼ ቀሩ። ሻሻቸውን ፈቱና ጎረቤታችን ሸጊቱ ጸጉራቸውን ቅቤ ትቀባቸው ጀመር። ታች ደግሞ ሠራተኞቹ እነ ደርቤ ወንበር ይደረድራሉ። የሙሽራው አጎት ሐጂ ኑርዬም አዳራሹን ሊያዩ ከጎንደር መጥተው መሃል ቆመዋል።

እኔ መንዙማውን በራሴ ስክሪን ልየው ብዬ 3*4! ጻፍኩ። ሣጥንህም «መውጫ አራት፣ መግቢያ ሦስት» ብሎ መለሰ፤ ጨዋ ይመስላል። የእኔ ስክሪን ግን ጨለማ። ታች ጫጫታ ተነሣ። ሮጬ ብወጣ እቴቴ ጸጉራቸው ቅቤ ጠጥቶ በስክሪኑ ግድግዳውን ሞልተው ተቀምጠዋል! ደርቤ ወንበሩን እግሩ ላይ ጣለው። ሐጂ ኑርዬ አስተግፊሩላህ እያሉ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ ከኋላም ስክሪን ሰቅለናል። መሄጃ ሲያጡ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ።

እቴቴ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ አቅፈው ወስደው ጓዳ ቆለፉበት፤ ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጠሩት።

አባባ ሲሰሙ «ተይው ልጄ፣ አልታደልኩም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አይሉትም። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ የጻፍኩት ያልከውን ነው። ወይ ሣጥንህ ይዋሻል፣ ወይ አንተ። ሠርጉ ደርሷል፤ ካለህ ነገር ቶሎ በለኝ።

ኢክላስ


ዶሃ፤ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢክላስ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለአባባ፣ በተለይ ሰላም ለእቴቴ፤ እጃቸውን ስሜ ይቅርታ እለምናለሁ። መሳቄን እንዳትነግሪያቸው።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ይዤ ገብቼ ከዚያው ዓይነት ሣጥን ፊት ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ሣጥኑ አልዋሸም፤ የነገርሽውን ነው ያደረገው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገመዶቹን ስትሰኪ ከየት ጀመርሽ? እኔ ልመልስልሽ። ቢስሚላህ ብለሽ ከቀኝ ጀምረሻል! እኛ ቤት ጫማ ሲጠለቅ ከቀኝ፣ መስጊድ ሲገባ በቀኝ፣ ማዕድ ሲቀርብ በቀኝ በኩል ላለው። «በተራቸው ሰኪ» ስልሽ ተራው ከየት እንደሚጀምር ማን ይነግራታል አላልኩም። ይህን ሣጥን የሠሩት ሰዎች ግን ከግራ ነው የሚቆጥሩት። አንቺ ሦስተኛ ያልሽውን እሱ ሁለተኛ ይለዋል፤ አንቺ ሁለተኛ ያልሽውን የሙሽሪትን ካሜራ እሱ ሦስተኛ ይለዋል። የወንዶቹ ስክሪን፣ አንደኛሽ፣ ለእሱ አራተኛ ነው። 3*4! ስትይው እቴቴን ለወንዶቹ ስጥ ማለትሽ ነው፤ ሰጠ።

እንግዲህ ሁሉንም ንቀይና ከግራ ጀምረሽ ሰኪ። ሙሽሪት ወንበር ላይ ሰው አታስቀምጪ፤ የነጭ ሽንኩርት ጆንያ አስቀምጪና ጆንያው ያለ ፈቃድ ታች ይታይ እንደሆነ ሞክሪ። ለእቴቴ ከቃል ይልቅ ጆንያው ይመሰክርልሻል።

ስለ አባባ ለምን አትጽፍም ብለሽኝ ነበር። ብዕሬ እዚያ ሲደርስ ይቆምብኛል። ስሄድ እስከ መናኸሪያው በእግራቸው ሸኝተውኛል፤ ሻንጣዬን የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። እነዚያን እግሮች ተኝተው ማየት እፈራለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሥራ በዛ፣ ፈቃድ ጠፋ የምለው ሁሉ ለዚያ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከሠርጉ በፊት ካልደረሰ አልቅሼ አይወጣልኝም።

ዘከሪያ


ደባርቅ፤ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘከሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ! አላህ ዕድሜህን ያርዝም፣ እጅህን ይባርክ፣ በሄድክበት ሁሉ በር ይከፈትልህ። ጋሼነትህንም መልሼልሃለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ ሣጥኑ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ከቀኝ! ራሴን መታሁ። ሁሉንም ነቅዬ ከግራ ሰካሁ። እቴቴ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩና ያንተን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። የሳቅከውን ዘልዬዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ቢስሚላህ ብለሽ ከቀኝ መጀመርሽ አጠፋሽ ይባላል እንዴ? ያጠፋው ሣጥኑ ነው» አሉ። መቀነታቸውን ፈትተው ቁልፉን አወጡ፤ ካሜራውን ግን በእጄ አልሰጡኝም።

ጆንያው ወንበሩ ላይ ወጣ። ሸጊቱ ደግሞ አትቀርም፣ ሻሽ አሰረችለት። እቴቴ ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ ሁሉንም ክፍል በዓይናቸው አዩ። ጆንያው አባባ ክፍል ታየ፤ ወንዶቹ ዘንድ የወንዶቹ ካሜራ ብቻ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩ። «አሁንም ድገሚው።» ጉልበታቸው እስኪዝል ደገምን። በመጨረሻ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና «ይህ ነገር የሚሄደው የትኛውን ስትነኪ ነው?» አሉ። ቃለ አጋኖውን አሳየኋቸው። «በሠርጉ ቀን ቁጥሩን አንቺ ጻፊ። ይህን ግን እኔ ሳልነካው አንድም ነገር አይንቀሳቀስም።» ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫኑን አስተማርኳቸው፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲለማመዱ ዋሉ።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለክርስቲያን እንግዶቻችን ለብቻ ታርዶ ድንኳን ተጥሎላቸዋል፤ ላቀው ከዳባት መጥቶ እዚያ ሲያስቅ እስከ ደረጃው ሥር ይሰማኝ ነበር። እኔና እቴቴ በዚያች ጠባብ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀምጠናል። የበሩን ካሜራ ነቅዬ አባባ አልጋ አጠገብ ተክዬው ነበር፤ እንዴት እንደዋሉ በስክሪኔ አያለሁ። ጺማቸውን ተስተካክለው፣ ነጭ ቆብ ደፍተው፣ ባዶውን ቴሌቪዥን ትክ ብለው ያያሉ።

ኒካሑ ታሰረ። ዘምዘም ተሸልማ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። 2*3 ጻፍኩና እጄን አነሣሁ። እቴቴ ጣታቸውን አዘጋጁ። «ወንዶቹ ዘንድ አይደለም?» «አይደለም እቴቴ።» «ወላሂ?» «ወላሂ!» ቢስሚላህ ብለው ተጫኑት።

ጋሼ፣ አባባን ብታያቸው! እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ፣ ፊቷን የሚዳስሱ መሰሉ። «ዘምዘሜ» ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ እቴቴም አለቀሱ፣ ጣታቸውን ግን ከቁልፉ ላይ አላነሡም።

እዚያው ላይ መብራት ጥርግ! ሣጥኑ የተባለውን ቢረሳስ? ነፍሴ ወጣች። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ እቴቴ እጄን ጨብጠው ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባ። መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ሣጥኑን በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ሁሉንም እንደነበረ ይዞታል። ወደ ወንዶቹ ሮጬ ወጥቼ በዓይኔም አየሁ። ሐጂ ኑርዬ የወንዶቹን ስክሪን እያዩ በሰላም ይበላሉ።

ስመለስ እቴቴ አባባን በስክሪኔ እያዩ ነው። «እሱ እሷን አይቷታል። እሷ ግን አባቷን ሳታይ ልትሄድ ነው እንዴ?» አሉኝ። አላሰብኩትም ነበር! 4*2 ጻፍኩ። ይህን ጊዜ ሳይጠይቁኝ ነው የተጫኑት፤ ቁልፉ የሚሰበር መስሎኝ ነበር። ላይ ቤት ዘምዘም ከወንበሯ ተነሣች አሉ። አባባ እጃቸውን አንሥተው ዱዓ ያዙ፤ ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ባረኳት፣ መረቋት፣ «እኔ ያላየሁትን ደግ ቀን አንቺ እዪ» አሏት። ሴቱ በአንድ ድምፅ «አሚን!» ሲል ጣሪያው ተነቃነቀ። ከዚያ በኋላ የእልልታው ነገር አይነገርም፤ ላቀው ከነእንግዶቹ ከድንኳን ወጥቶ ቆሞ አጨበጨበ።

ሐጂ ኑርዬ ሲሄዱ እቴቴን ጠርተው፣ ወደ መሬት እያዩ፣ የልጃቸውን ሠርግ እዚሁ እንዲያደርጉላቸው ጠየቁ። እቴቴ ትንሽ ካስጠበቋቸው በኋላ እሺ አሉ። ስለ ገብስ ማከማቻ የሚያነሣ የለም።

ማታ አባባ ዘንድ ገባሁ። ያንን ስለ እግራቸው የጻፍከውን ክፍል አነበብኩላቸው። አትቆጣኝ፤ የእሳቸው ነው ብዬ ነው። «ዘከሪያንስ በስንት ቁጥር ነው የምታመጪው?» አሉኝ። «አባባ፣ ዶሃ ድረስ ገመድ የለንም» አልኳቸው። «እንግዲያው ጻፊለት። ቆሜ ሸኝቼዋለሁ፤ ተኝቼ ብቀበለው ምን ይለዋል በይው።»

ይኸው ጻፍኩልህ።

ኢክላስ


ዶሃ፤ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢክላስ፣

የአላህ ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽን የሆቴሉ ዕቃ መጫኛ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «አሚን» እስከሚለው ድረስ ደህና ነበርኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ካርቶን ተሸክሜ ዞርኩ። የመጨረሻውን መስመር ደግሜ አነበብኩ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አለቃዬ ቢሮ ወጣሁ። ፈቃዱን አንድ ጊዜ ብጠይቀው ሰጠኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አልጠየቅሁትም ነበር።

ረመዳን ሳይጋመስ ጎንደር እወርዳለሁ። ለአባባ አሁኑኑ ንገሪያቸው። ጺማቸውን ማንም እንዳያስተካክላቸው፤ እኔ ነኝ የማስተካክላቸው።

መልስ አትጻፊልኝ። ሲደርስ እዚህ የለሁም።

ዘከሪያ